ፊልም በሶሎ የሚያጥበው ሰው

ሰፈሩ ጋሼ ሶሎ ይለዋል። ጊታር ግን ጨብጦ አያውቅም፤ ቢያስጨብጡትም በየትኛው ጫፍ እንደሚያዝ መጠየቁ አይቀርም። ፎቶ አንሺ ነው፤ በከተማው ዛሬም ፊልም በእጁ የሚያጥብ የቀረው እሱ ብቻ ነው።

ስሙ የወጣለት ከጨለማ ክፍሉ ነው። ፊልም ሲታጠብ ድፍን ጨለማ ይፈልጋል፤ የሰዓት ብልጭታ እንኳ ያበላሸዋል። ስለዚህ ጋሼ ሶሎ ጊዜውን የሚለካው በወጣትነቱ ልቡን በሰረቀው ስመ ጥር የሮክ ጊታሪስት፣ እሱ «ፀጉራሙ» በሚለው ሰው ሶሎዎች፣ ጊታሩ ብቻውን በሚያዜምባቸው ቦታዎች፣ ነው። የፊልሙን ሁለት ጫፍ ይዞ ምስል በሚያወጣው ኬሚካል ውስጥ ከፍ ዝቅ እያደረገ ያንጎራጉራል። ለዚህ ረጅሙ ሶሎ አለ፤ ዘይት እንዳጣ በር ሲጢጥ ብሎ የሚጀምረው። ለውሃው አጭሩ። ምስሉን ለሚያጸናው ኬሚካል ደግሞ ያ ተጣድፎ ተጣድፎ መጨረሻው ላይ የሚያለቅሰው። ከዘፈኖቹ ግጥም አንድ ቃል አያውቅም። «ዘፈኑ ገለባ ነው፤ ፍሬው ሶሎው» ይላል።

«ኧረ የሚጮህ ሰዓት ግዛ!» ያላለው ሰው የለም።

«ሰዓት መቼ እንደሚያልቅ ይነግረኛል፤ እጄን እንዴት እንደማንቀሳቅስ ማን ይነግረኛል?» ነው መልሱ።

እውነቱን ነው። ድምፁ ሲረዝም እጁ ይዘገያል፣ ሲንጣጣ ይፈጥናል፣ ፊልሙም ጥርት ብሎ ይወጣል። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ሠራ። ከቀጭኑ ግድግዳ ማዶ ደንበኛ የምትቀበለው ሚስቱም ሠላሳ ዓመት ተማረረች። «ያ ፀጉራም ከኛ ጋር ነው እንዴ የሚኖረው? እንግዲያው ዕቃ ይጠብ!» ትላለች።

መዘዙ የመጣው በአማች በኩል ነው። የልጁ ባል የሙዚቃ አስተማሪ ነው፤ ጨዋ፣ ቅን፣ ስለዚህም አደገኛ። አንድ ቀን የጋሼ ሶሎን አሮጌ ቴፕ ሰምቶ ፊቱን አጨማደደ።

«አባባ፣ ቴፕዎ እኮ ይጎትታል። ሶሎው ከዚህ በጣም ይፈጥናል።»

በሳምንቱ አዲስ ማጫወቻ ከነጥሩ ቅጂው በስጦታ ይዞ መጣ። ጋሼ ሶሎ ሰማና እንባው መጣ። ሠላሳ ዓመት የወደደው ሰው ለካ እንዲህ ፈጣን ኖሯል! ሌት ተቀን ደጋገመው። እውቀት አይጎዳም ይባላል። ይባል።

ከዚያ ወዲያ የታጠበው ፊልም ሁሉ ሳስቶ ወጣ። እጁ ትክክለኛውን ሶሎ ለምዶ ከኬሚካሉ ቀድሞ ይጨርሳል። ሙሽሮች ጭቃ ውስጥ የቆሙ መሰሉ። አንድ ሹፌር ለመንጃ ፈቃድ የተነሳውን ፎቶ መለሰለት። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የሞተው አጎቴ ነው። እሱ ደግሞ መንዳት አይችልም ነበር።»

ጋሼ ሶሎ ቀስ ብሎ ሊያንጎራጉር ሞከረ። ሲጠነቀቅ ይፈጥንበታል፣ ሲፈራ ጭራሽ ይጠፋበታል። ወደ አሮጌው ቴፕ ልመለስ ቢልም፣ አማቹ ደስ ይበላቸው ብሎ መጎተቱን ጠግኖለት ጠበቀው።

በዚህ መሃል እናቱ መጡ። ዘጠናን አልፈዋል። ልጃቸው ፎቶ አንሺ ሆኖ ሳለ አንድም ቀን ካሜራ ፊት ተቀምጠው አያውቁም። ያን ቀን ግን ዱላቸውን ግድግዳ አስደግፈው ወንበሩ ላይ ጉብ አሉ።

«አንሳኝ። ስሞት የማንን ፎቶ ይዛችሁ ልታለቅሱ ነው? የጎረቤት?»

«እማዬ፣ ሌላ ቀን ብናደርገውስ?»

«ሌላ ቀን የታለኝና! ሁለተኛም አልቀመጥልህም፤ ወገቤን!»

አነሳቸው። መጨረሻው ላይ ምን እንደታያቸው እንጃ፣ ባለችው አንድ ጥርስ ሳቁ። ጋሼ ሶሎ ያችን ሳቅ ይዞ ጨለማ ክፍል ገባ። ፊልሙን ከቆርቆሮው ሳያወጣ ረጅሙን ሶሎ ጀመረ፤ ፈጠነ። እንደገና ጀመረ፤ ባሰበት። አምስት ጊዜ ሞከረ። በስድስተኛው ሚስቱ በሩን አንኳኳች።

«ፊልሙን ከፈትከው?»

«አልከፈትኩትም። ሶሎው ጠፋብኝ። የእማዬን ፊት በገዛ እጄ ላጠፋው ነው» አላት።

ገባችና በሩን ከውስጥ ዘጋች። «መብራቱን አጥፋና ፊልሙን ያዝ» አለችው።

በድፍን ጨለማ ውስጥ ሚስቱ ሲጢጥ አለች።

ቀስ ብላ፣ እየጎተተች፣ ልክ እንደ አሮጌው ቴፕ። ካሴቱ የተበላበት ቦታ ላይ ዋጥ አደረገች። እሱ ሁልጊዜ ትንፋሽ አጥሮት የሚያስልበት ቦታ ላይ ሳለች። እጁ ተከተላት። ያን ሶሎ እንደምትጠላው በሰፈሩ የማያውቅ የለም፤ ግን አንዲት ድምፅ እንኳ አልሳተችም። አጭሩንም ጨመረች፣ የሚያለቅሰውንም አስለቀሰችው።

መብራቱ ሲበራ እናቱ ፊልሙ ላይ ነበሩ፤ ከነሽብሽባታቸው፣ ከነጥርሳቸው። ጋሼ ሶሎ እጁ እንደረጠበ ሚስቱን አያት።

«እንዲህ ከጠላሽው ታዲያ እንዴት ሸመደድሽው?»

«እዚህ ኬሚካል ውስጥ ቀኑን ሙሉ ተዘግተህ ትውላለህ። ዝም ስትል ወደቀ እንዴ ብዬ እደነግጣለሁ» አለች። «ስለዚህ እስክትጨርስ እሰማሃለሁ።»

ጋሼ ሶሎ ፊልሙን እንዲደርቅ ሰቀለው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ጨለማው ውስጥ ብቻውን ያለ ይመስለው ነበር።