ውሸታሙ ድንጋይ

ባለቤቴን ሰፈር ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ ሁሉም «ቱንቢ» ነው የሚሉት። ቱንቢ ግንበኞች የግድግዳን ቀጥ ማለት የሚያዩበት፣ በክር የሚንጠለጠል ብረት ነው። ስሙን ያወጣለት የገዛ ወንድሜ ነው። በተጋባን በሳምንቱ እናቴ ቤት ምሳ ተጠርተን ሄድን። ሰውዬው ገና ወንበር ሳይስብ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ሳሎኑን ሲመረምር ቆየና «ይቺ ግድግዳ ወደ ጓሮ ዘንበል ብላለች» አለ። ግድግዳውን የሠራው አባቴ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ አላናገረውም። በሦስተኛው ወር ግድግዳው ሲሰነጠቅ ግን አስጠራው።

ስለ ድንጋይ ካልሆነ በቀር አፉን የሚከፍት ሰው አይደለም። እኔ የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋበት ድርጅት ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ጩኸት ስሰማ ስለምውል ዝምተኛ ባል ማግኘቴ አልከፋኝም፤ እንዲያውም ተመስገን ነው። ግን ዝምታውም ልክ አለው። ባለፈው ዓመት በወረቀቱ ጊዜ ዝም ሲል ላንቀው ምንም አልቀረኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሥራ ሦስት ዓመት የሆናት ትልቋ ልጃችን አዲስ ትምህርት ቤት ገብታ፣ ወላጅ የሚፈርምበት ቅጽ ይዛ መጣች። «የአባት ሥራ» ከሚለው ፊት ለፊት፣ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሕፈቷ «መሐንዲስ» ብላ ጽፋለች። አባቷ ኖራ የሰነጣጠቀውን እጁን ታጠበ፣ አደረቀ፣ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበና ፈረመ። እኔ በትከሻው በኩል አይቼ ደሜ ፈላ። ልጠራት ስል እጄን ያዝ አደረገና «ተያት» አለኝ። ፊቱን ሳየው አንጀቴን በላኝ፤ ተውኩት። እሷ ግን ወረቀቱን ስትቀበለው ቀና ብላ አላየችውም።

ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት ሊያደርሳት ሲል «ብቻዬን እሄዳለሁ» ማለት ጀመረች። እሱም እሺ ይላል።

በወሩ ገደማ «ልጆቹን ይዘን ለሁለት ቀን እንውጣ» አለኝ። በአሥራ አምስት ዓመት ትዳራችን ይህ ሰው ከሥራ የቀረው ሁለቴ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ታሞ። የት እንደምንሄድ ስጠይቀው፣ ከመጋባታችን በፊት ለአሥራ አንድ ወር ጥንታዊውን ቅጥር ሲጠግን የኖረባትን አሮጌ ከተማ ነገረኝ። ያኔ ገባኝ። ነገሩን በሆዱ ይዞት ነው የከረመው።

አውቶቡስ ውስጥ «እዚያ ግንብ ላይ እኔ ያስቀመጥኩት ድንጋይ አለ» አላቸው። ሰባት ዓመቱ የሆነው ትንሹ፣ ከጥያቄ በቀር ሌላ ቀለብ የማያውቀው፣ ስሙ ተጽፎበት እንደሆነ ጠየቀ። አባቱ አልተጻፈበትም አለው። ታዲያ በምን እናውቃለን ሲለው ቱንቢ ውሃውን አንስቶ ጠጣ። ትልቋ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ በመስኮት ታያለች።

የመጀመሪያው ቀን ያው እንደ ጉብኝት ነው። የጥንቱን መታጠቢያ ቤት አየን፣ ቅስቱን አየን፣ ማማው ላይ ወጣን። ደረጃው መቶ አሥራ ሁለት መሆኑን ትንሹ እየጮኸ ቆጠረልን። ቱንቢ የደረሰበትን ግድግዳ ሁሉ እየዳሰሰ ሁለት ጊዜ በጥበቃ ተገሠጸ። ትልቋ ከእኛ አሥር እርምጃ ወደ ኋላ ነበረች፤ ለሚያያት ሰው ሌላ ቤተሰብ የጠፋባት ልጅ ነው የምትመስለው። ሆቴል ገብተን እሱ የመታጠቢያ ቤቱ ሸክላ እንዴት ተጣሞ እንደተለጠፈ ሲያስረዳኝ፣ እሷ ብርድ ልብሱን እስከ አናቷ ሳበችው። እኔ ለዚህ ነው ከሥራ አስፈቅጄ የመጣሁት እያልኩ በሆዴ ተናደድኩ።

በማግስቱ ጠዋት ቅጥሩ ጋ ሄድን። ሃያ ከምንሆን ጎብኚዎች ጋር ተቀላቀልን፤ አስጎብኚው ንግግር የሚችል፣ ጫማውን ያሳመረ ወጣት ነው። አንዳንዶቹ ድንጋዮች ከሌሎቹ ገባ ብለው የተቀመጡት ለምን እንደሆነ አስረዳን። ጥገና ናቸው አለ። ጠጋኞቹ አዲሱን ድንጋይ ከአሮጌው ትንሽ ወደ ውስጥ አስገብተው የሚያስቀምጡት የሚያየው ሰው እንዳይታለል ነው፤ አዲስ ሆኖ አሮጌ መምሰል ነውር ነው። ቱንቢ ራሱን እየነቀነቀ ይሰማል።

ከዚያ አስጎብኚው ከበሩ በስተቀኝ፣ በደረት ቁመት ላይ ያለ አንድ ትልቅ ድንጋይ አሳየን። ከጎረቤቶቹ እኩል ነው፤ በመጋጠሚያው ምላጭ አያስገባም። «ይህን ተመልከቱ» አለ። «ጥንታውያኑ ያለ ምንም መሣሪያ እንዲህ ይገጥሙ ነበር። የዛሬ ግንበኛ ይህን ሊሠራ አይችልም።» ትልቋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየች፤ ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሳችው። ባለቤቴን ስመለከተው ፊቱ አመድ መስሏል።

እንደ ተማሪ እጁን አወጣ።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ ያ ድንጋይ ጥንታዊ አይደለም። ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።»

ሰው ሳቀ። ልጄ ስልኳን ኪሷ ከተተችና መሬት መሬት አየች፤ ጆሮዋ ሳይቀር ቀልቷል። አስጎብኚው ጨዋ ልጅ ነው፣ አላፌዘም። ግን የእርስዎ ቢሆን ኖሮ እንደ ሌሎቹ ገባ ይል ነበር አለው። ትክክል ነው፤ የሚለው ውሃ ያነሳል።

«ጥፋቱም እሱ ነው» አለ ቱንቢ። ከዚያ ያ ዝምተኛ ሰውዬ አይቼለት በማላውቀው አፍ ይናገር ጀመር። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። አለቃው የታመመ ቀን ብቻውን ቀረ፤ እነዚያ የጥንት ሰዎች የሠሩትን እኔስ አልችልም ወይ የሚል እልህ ያዘው። ድንጋዩን በመሮ ሲጠርብ ዋለ፤ ከአሮጌዎቹ እኩል አድርጎ፣ ማንም እንዳይለየው አድርጎ ገጠመው። አለቃው ሲመለስ ኖራው ደርቋል፤ ቢነቀል ጎረቤቶቹም ይፈርሳሉ።

«አለቃዬ ድንጋዩን ዳሰሰና ‹እጅህ ጎበዝ ነው፣ ግን ዋሽተሃል› አለኝ። ሌላ አልተናገረኝም። እኔም ለማንም አልተናገርኩም። ዛሬ ልጆቼ ፊት እንደ እውነት ሲነገር ግን ዝም ልል አልቻልኩም።»

አስጎብኚው ግራ ገባው። ቅጥሩን የጠገኑት ብዙ ናቸው፣ እዚህ መሥራትዎን በምን እናውቃለን አለ። ትንሹ ልጄ አውቶቡስ ላይ የጠየቀው ጥያቄ ነው፤ በኩራት ወደ እኔ ዞሮ ሳቀ።

ቱንቢ የቀኝ አውራ ጣቱን አሳየ። ገና ተለማማጅ ሳለ መዶሻ ጫፉን በልቶታል፤ ከሌላ ሰው ጣት ያጠረ ነው። ገባ የሚለው ድንጋይ ሁሉ ልኩ አንድ እንዲሆን አለቃው በአንድ ሰው አውራ ጣት ብቻ እንዲለካ አዝዞ ነበር፤ ድንጋዩን የሚገጥመው እሱ ስለሆነም ጣቱ የእሱ ሆነ። አስጎብኚው መጀመሪያ የራሱን ጣት ወደ አንዱ ጥገና አስገባ፤ ጫፉ አዲሱን ድንጋይ ሲነካ አንጓው ከአሮጌው ጠርዝ ውጭ ቀረ። ሁለት ጎብኚዎች ሞከሩ፤ የእነሱም ያው ነው። ቱንቢ አስገባ። አንጓው ከጠርዙ ጋር ልክ ሆነ። ሁለተኛው ላይም ልክ። አምስተኛው ላይም ልክ።

ልጄ መቼ ከአጠገቡ እንደደረሰች አላየሁም። ያንን ሰው ፊት እንዳይዛት የምትሸሸውን እጅ ያዘችና ወደሚቀጥለው ድንጋይ ወሰደችው። ከዚያም ወደሚቀጥለው። ግንቡን እስከ ጥጉ ድረስ እንዲህ እየለኩ ሄዱ፤ ትንሹ ከኋላ እየቆጠረ። ሠላሳ አራት። እኔ ዓይኔን በነጠላዬ ጠረግኩ፤ አቧራ ነው ብል የሚያምነኝ አልነበረም።

አስጎብኚው ሁሉንም በማስታወሻው ጻፈና ለኃላፊዎቹ እነግራቸዋለሁ አለ። እኛ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ዳቦና እንቁላል አወጣን። ጥቂት ቆይቶ አስጎብኚው ሌላ ቡድን ይዞ መጣ፤ ያ ድንጋይ ጋ ሲደርስ ምን እንደሚል ጠፍቶት ቆመ። ልጄ ዳቦዋን ጭኔ ላይ አስቀመጠችና ተነስታ ሄደች።

«እሱ ጥንታዊ አይደለም» ስትል ሰማናት። «አባቴ ግንበኛ ነው። እሱ ነው የሠራው። ያ ተቀምጦ እንቁላል የሚልጠው።»

ሁሉም ዞረው አዩት። ቱንቢ እንቁላሉን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። እኔ ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ተመልሳ አጠገቡ ተቀመጠች። ከዚያ ቀስ ብላ «አባዬ፣ እኔም ዋሽቻለሁ» አለችው።

«አውቃለሁ። የፈረምኩት እኔ አይደለሁ እንዴ?»

«አሁን ምን ይሻላል?»

የተላጠውን እንቁላል ለሁለት ከፍሎ ትልቁን ግማሽ ሰጣት።

«የኔው ነው ድንጋይ ሆኖ የማይነቀለው» አላት። «ያንቺ ወረቀት ነው፤ ሰኞ እንቀይረዋለን። አብረን እንሄዳለን።»

«አብረን» አለች፣ አፏን በእንቁላል ሞልታ።