በሁለቱም የሚከፈተው ዲስክ

ይህ የደረሰብን ባለፈው ዓመት፣ አባታችን ካረፈ በኋላ ነው። ለሰው ስናገረው ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ ከንፈሩን ይመጥጣል። እኔ እስካሁን ሁለቱንም አላደረግኩም። ለዚህ ይሆናል ከጭንቅላቴ አልወጣ ያለው።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ መድኃኒት ቤት እሠራለሁ። እዚሁ የሚኖሩ ሁለት ታናናሽ ወንድሞች አሉኝ። ሰይፉ ሠርግ ይቀርጻል፣ ቪዲዮ ያቀናብራል። ምንተስኖት ደግሞ ኮምፒውተር ይጠግናል። አንድ ጡት ጠብተው ያደጉ ናቸው፤ ግን ሰይፉ የማክ ሰው ነው፣ ምንተስኖት የዊንዶውስ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያልገባው ሰው አንድ ቀን ከእነሱ ጋር ምሳ ይብላ።

"ማክ የያዘ ሥራውን ይሠራል፤ ዊንዶውስ የያዘ ኮምፒውተሩን ሲያስታምም ይውላል" ይላል ሰይፉ። ምንተስኖት ደግሞ፣ "አንተ የገዛኸው ጌጥ ነው እንጂ ኮምፒውተር አይደለም። አንድ ነገር ሲሆን አዲስ አበባ ድረስ ታቅፈኸው ትሄዳለህ" ይለዋል። በዓል የለ፣ እንግዳ የለ፤ ዶሮው ቀርቦ እየቀዘቀዘ እነሱ ስለ ማሽን ይነታረካሉ። እናቴ "ዕቃ እኮ ነው እናንተ! ለዕቃ ነው ይህ ሁሉ?" ትላለች። እኔም ስንቴ ጮኼባቸዋለሁ። ኳስ የሚደግፍ ሰው እንኳ ጨዋታው ሲያልቅ ወደ ቤቱ ይገባል።

አባታችን ከአንኮበር ከተማ ወረድ ብላ ባለች ደብር መሪጌታ ነበር። ዕድሜ ልኩን ዜማ ሲያስተምር ኖረ። አንድ ጊዜ ጉሮሮውን ታመመና ሐኪሞቹ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል፣ ድምፁ ግን አይመለስም አሉን። ያኔ ሰይፉ ማኩንና ማይክሮፎኑን ተሸክሞ አንኮበር ሄደ። አባባን ከፊቱ አስቀምጦ የቻለውን ያህል ዜማ ቀረጸው። "ለተማሪዎቹም ለእኛም ይሆናል" አለ። ምንተስኖትም አብሮት ሄዶ ነበር። እኔ ተረኛ ስለነበርኩ ቀረሁ።

አባባ ከሕክምናው በኋላ ከዓመት በላይ ኖረ፤ ግን አንድ ቃል አልወጣውም። እኛን በእጁ ነበር የሚያናግረን። ተማሪዎቹ ሲሳሳቱ በመቋሚያው መሬቱን መታ ያደርጋል፣ እነሱም መልሰው ያነሡታል። የተቀዳውን እናሰማህ ስንለው በእጁ እምቢ አለ። እሱ እያለ ተደብቀን መስማቱን ደግሞ እኛ ነውር አደረግነው። ስለዚህ ያንን ቅጂ ማንም አልሰማውም። የሰይፉ ማክ በሠርግ ቪዲዮ ሲሞላ ሁሉንም ወደ አንዲት ትንሽ ዲስክ አዛወረው። ሌላ ቅጂ አልነበረም።

አባባ ሲያርፍ አላለቀስኩም። ለምን እንደሆነ አላውቅም። አስከሬኑ ከአንኮበሩ ቤት ሲወጣ እናቴ ትጮኻለች፣ አክስቶቼ ደረታቸውን ይደቃሉ፤ እኔ ነጠላዬን አዘቅዝቄ የድንኳኑን ገመድ አያለሁ። ጥርስ ሊነቀል ሲል መርፌ ተወግቶ ድድ እንደሚደነዝዘው፣ ሁለመናዬ እንደዚያ ሆኖ ነበር። አንዷ ጎረቤት "ይቺ ልጅ ድንጋይ ናት እንዴ?" ስትል ሰማኋት። አልተቀየምኳትም። እኔም ራሴን ያንኑ እየጠየቅኩ ነበር።

ያን ቀን አንድ ነገር ብቻ ተመኘሁ። ድምፁን ብሰማ አለቅሳለሁ ብዬ አሰብኩ። አንድ ጊዜ ብቻ ብሰማው ይበቃኝ ነበር።

በማግስቱ ድንኳኑ ውስጥ ወንድሞቼን ጠራሁና "የአባባን ድምፅ አሰሙኝ" አልኳቸው። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

የሰይፉ ማክ ተበላሽቶ አዲስ አበባ ጥገና ላይ ነበር። "እስኪመጣ ጠብቂ፣ እታለም" አለኝ።

"ለምን ትጠብቃለች? ዲስኩን ስጠኝ፣ በእኔ እከፍትላታለሁ" አለ ምንተስኖት።

"ለማክ ነው የተዘጋጀው። ያንተ አያነበውም።"

"የሚያነብ ፕሮግራም እጭንበታለሁ። ሥራዬ ነው እኮ።"

"አባቴን የቫይረስ መናኸሪያ ላይ አልሰካም!"

"ያንተ ብቻ አባት ነው? እኔም ድርሻ አለኝ!"

"አልሰጥም አልኩ አልሰጥም! ለእኔ ነው የሰጠኝ!"

ሰው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። ጥግ ላይ ካርታ የያዙት ልጆች እንኳ ካርታቸውን ደፉ።

የእድሩ ሽማግሌዎች የሰሙት "ድርሻ አለኝ" እና "አልሰጥም" የሚለውን ነው። ታዲያ ምን ይበሉ? የአባታቸው መቃብር ሳይደርቅ ልጆቹ በውርስ ተጣሉ አሉ። ሣልስቱ እንዳለፈ ሁለቱንም ጠርተው ከፊታቸው አስቀመጧቸው። እኔና እናቴም ተጠራን።

"ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ" ብለው ጀመሩ ትልቁ ሽማግሌ። "እስቲ ንገሩን። ቤቱ ነው ወይስ መሬቱ?"

"ዲስክ ነው" አለ ሰይፉ አንገቱን ደፍቶ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ምንተስኖት ሊያስረዳቸው ጀመረ፤ ማክ እንዲህ ነው፣ ዊንዶውስ እንዲያ ነው እያለ ሄደ ሄደና መሃል ላይ እሱም አፍሮ ተወው። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር። ሽማግሌዎቹ ግን አልሳቁም። ለእነሱ የተጣሉበት ነገር በሬ ሆነ ዲስክ ሥርዓቱ አንድ ነው፤ ከሁለቱም እጅ ይወጣል፣ የማያዳላ ሰው በአደራ ይይዘዋል። በአርባው ሁለቱም ባሉበት እንዲከፈት ወሰኑ። አደራውን የተቀበሉት የአባቴ ታናሽ ወንድም ቄስ ዘውዴ ናቸው።

ወንድሞቼ በእፍረት እሺ አሉ። ቄስ ዘውዴ ዲስኳን በመሐረብ ጠቅልለው ደረት ኪሳቸው ከተቷት። ሰይፉ አንዴ ብቻ "አባ፣ ውሃ እንዳይነካት" አለ። "ልጄ፣ ታቦት ለሚያነሣ ሰው ነው ይህን የምትነግር?" አሉት። እኔ ቁጭ ብዬ የሰዎቹን ጫማ አይ ነበር።

አርባው ደረሰ። የተዝካሩ ሰው በልቶ ጠጥቶ ሲያበቃ ቤተ ዘመዱና የአባባ ተማሪዎች ሳሎኑ ውስጥ ቀረን። ተማሪዎቹ አሁን ዲያቆናትና መምህራን የሆኑ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ከመዘዞ፣ ሌላው ከአረርቲ፣ የየኔታን ድምፅ እንሰማለን ብለው የመጡ። ማኩም ተጠግኖ መጥቶ ነበር። ሁለቱ ኮምፒውተሮች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። የነጠላዬን ጫፍ ለእንባዬ አዘጋጅቼ ያዝኩ። ተመስገን፣ ዛሬ ይወጣልኛል አልኩ በልቤ።

ቄስ ዘውዴ መሐረቡን ፈቱና ደስ እያላቸው ተናገሩ፦ "ልጆቼ፣ ጠባችሁን ከሥሩ ነቅዬዋለሁ። ደብረ ብርሃን ድረስ ወስጄ፣ በአንተም በእሱም ኮምፒውተር እንድትከፈት አስደርጌያታለሁ። ከእንግዲህ የእኔ ያንተ የለም።"

ሰው ሁሉ "እሰይ!" አለ። ወንድሞቼ ግን ቀና ብለው ተያዩ። ለእነሱ ያን ጊዜውኑ ገብቷቸዋል። እኔ አልገባኝም ነበር።

ሰይፉ ዲስኳን ማኩ ላይ ሰካት። ከፈታት። ኦርጋን መጣ፣ ከበሮ መጣ፣ ከዚያ የልጃገረዶች መዝሙር። ነቅሎ ለምንተስኖት ሰጠው። በምንተስኖትም ወዲያው ተከፈተ፤ ያው ኦርጋን፣ ያው ልጃገረዶች።

"ይሄ የማን ድምፅ ነው?" አለች እናቴ።

ሰይፉ በቀስታ "አባ፣ ምን አስደረጓት?" አላቸው።

"መዝሙርና ፊልም የሚጭን ልጅ አለ፣ እሱ ጋ ወሰድኳት። 'በእኔ አልነበብ አለች፤ በሁለቱም እንድትሠራ ፎርማት መደረግ አለባት፣ ይደረግ?' አለኝ። በሁለቱም ከሆነማ ይደረግ አልኩት። ደግሞ ቄስ መሆኔን ሲያይ ባዶዋን አትሂድ ብሎ በመዝሙር ሞላልኝ። ተባረክ አልኩት።" የሁላችንንም ፊት አዩና ትንሽ ደንገጥ አሉ። "የመሪጌታም እዚያው ውስጥ ይኖራል። እስቲ ደህና አድርጋችሁ ፈልጉት።"

ፎርማት ማለት ቤቱን ጠርጎ ወለሉን እንደ አዲስ ማንጠፍ ነው። ይህን እኔ እንኳ አውቃለሁ። የያዝኩትን የነጠላ ጫፍ ለቀቅኩት።

እናቴ ወደ ጓዳ ጠራችን። ሁሉንም ተረድታለች። "ለእሳቸው እንዳትነግሯቸው" አለች። "ወንድሜን ሁለተኛ ገደልኩት ብለው ያብዳሉ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። እሳቸውን ደግሞ አልቀብርም።" ወጣንና ኮምፒውተሩ እምቢ አለ፣ ሌላ ቀን ይሰማል አልናቸው። የሩቅ መንገደኞቹ ነፍስ ይማር ብለው ተነሱ። ቄስ ዘውዴ እስከ ዛሬ ድረስ ባገኙን ቁጥር "አገኛችሁት?" ይሉናል። "እየፈለግን ነው፣ አባ" እንላቸዋለን።

ደግሞ ውሸት አልነበረም። ደብረ ብርሃን እንደተመለስን ሁለቱ ወንድሞቼ የምንተስኖት ሱቅ ውስጥ ገብተው ተዘጉ። ከዲስክ የጠፋ ነገር የሚቆፍሩ ፕሮግራሞች አሉ፤ መዝሙሩ ከላይ ባይተኛበት ኖሮ ይቀል ነበር አሉኝ። ምሳ ላደርስላቸው ስሄድ አንዱ ሌላውን "ያንተ ምን ይላል?" ሲል እሰማለሁ። "የእኔ እዚህ ላይ ቆመ፣ በአንተ ደግሞ እንሞክረው።" እንዲህ ሲነጋገሩ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ምሳቃውን አስቀምጬ ወጣሁ።

አንድ ቀን ሰይፉ መድኃኒት ቤቱ ድረስ ደወለ። "እታለም፣ ነይ" አለኝና ዘጋው። ጋዋኔን እንኳ ሳላወልቅ በዚያ ብርድ እየተጣደፍኩ ሄድኩ።

"ዜማው የለም" አለኝ ምንተስኖት ገና ከበሩ። "አንዲት ቁራጭ ብቻ ናት። ከመጀመሪያው።"

አጫወቱልኝ። መጀመሪያ ሽሽሽ የሚል ድምፅ ነው። ከዚያ የራሳቸው ድምፅ መጣ። "ይሄ ነው የምትኮራበት? ማይኩን ለማወቅ ይህን ያህል ፈጀበት እኮ!" ይላል ምንተስኖት። "ያንተ ቢሆን ገና እየተነሣ ነበር፣ ዝም በል!" ይላል ሰይፉ። "ላፕቶፔን ላምጣና አሳይሃለሁ።" "አምጣውና የአባባን ድምፅ የወፍጮ ቤት አስመስለው!" ሲነታረኩ፣ ሲነታረኩ፣ በመሃል ጉሮሮውን የሚጠርግ ሰው ተሰማ።

ከዚያ አባባ ተናገረ። ምንም ሳይቆጣ፣ እንደውም ሳቅ ቢጤ እያለበት፣ "እናንተ ስትጨርሱ እኔ እጀምራለሁ" አለ።

ልጃገረዶቹ ገቡበት። ኦርጋን፣ ከበሮ።

ሰይፉ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ምንተስኖት ወደ ውጭ ወጣ፤ በመስተዋቱ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል። እኔ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመጣል አልኩ። አልመጣም። "ድገመው" አልኩት ሰይፉን። ደገመው። ድምፁ የአባባ ነው፤ ልክ ራሱ ነው። አንድም ጠብታ አልወጣኝም።

ምንተስኖት ዓይኑን ጠራርጎ ሲመለስ፣ "የእኛን ጫጫታ ቆርጬ የእሱን ብቻ ላስቀርልሽ?" አለኝ። ሰይፉ "በእኔ ቢሆን ይሻ..." ብሎ ጀመረና አፉን መልሶ ዘጋው።

"ተዉት" አልኳቸው። "እናንተን ካወጣችሁ እሱ ማንን ነው የሚያናግረው?"

አሁን ቁራጯ ስልኬ ላይ አለች። አንዳንዴ ሥራ ሲቀዘቅዝ አዳምጣታለሁ። ድሮ ድምፁን ብሰማ አለቅሳለሁ ብዬ ነበር፤ አሁን መጠበቁንም ትቼዋለሁ። በቄስ ዘውዴ አልተናደድኩም። በወንድሞቼም አልተናደድኩም፤ መናደዱ ራሱ ጉልበት ይፈልጋል። ያ ሁሉ ዜማ፣ ያ ሁሉ ዕድሜ፣ የቀረን እነዚህ አራት ቃላት ናቸው እላለሁ፤ ከዚያ ደንበኛ ይመጣል፣ መድኃኒቱን አወርዳለሁ።

ወንድሞቼ ከዚያ ወዲህ ስለ ማክና ስለ ዊንዶውስ ተከራክረው አያውቁም። በበዓል እናቴ ጋ አብረን ስንበላ ቤቱ ጸጥ ይላል፤ ሁለቱም ወደ ትሪው እያዩ ይጎርሳሉ። እነሱስ ጨርሰዋል። አባባ ግን አይጀምርም።