ለእንግዳ ብቻ የሚነሳው ባሌ

ባሌ ባምላኩ ስትሮክ መትቶት ሆስፒታል ከርሞ ሲወጣ፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ «ቤትዎም ከወንበር እየተነሱ መቀመጥዎን አይተዉ፤ እግርዎ የሚበረታው ሲሠራ ነው» ብላ መክራው ነበር። ማንኩሳ ቤታችን ከገባን ወዲህ ግን «ተነስ እንጂ!» ባልኩት ቁጥር መልሱ «ደክሞኛል» ነው። አንጀቴ አረረ!

ጠያቂ ሲመጣ ደግሞ ድካሙ የት እንደሚገባ እንጃ፤ ዱላውን ተደግፎ «ኖር!» እያለ ለአክብሮት ሊነሳ ይታገላል። እንግዳው ሮጦ ትከሻውን ይጫነውና «በእግዜር! በሞቴ አይነሱ!» ይለዋል። እሱም ደስ ብሎት ይቀመጣል። እንግዲህ ይኼን ሕዝብ ምን ልበለው?

ትናንት ጠያቂዎቹን ሸኝቼ ስመለስ፣ የገዛ ቤቴን በር አንኳኳሁ።

«ማነው?» አለ።

«እንግዳ!» ብዬ ገባሁ።

አፍጥጦ አየኝ፤ ንቅንቅም አላለ።

«ዕድሜዬን ሙሉ በዚህ በር ስገባ፣ አንድ ቀን ተነስተህልኝ ታውቃለህ?» አልኩት።

ዱላውን ያዘ፤ እየተንቀጠቀጠ ተነሳና አንገቱን ሰብሮ «ኖር» አለኝ።

«በእግዜር፣ ተቀመጥ» ልለው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ዋጥኩት። ራሱ እስኪቀመጥ ጠበቅሁና፣ ተመልሼ ወጥቼ አንኳኳሁ።