የባሻ ዘለቀ በቅሎ ሙግት

ባለፈው ሰንበት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ጎረቤታችን ያሠራውን አዲስ ቤት አየሁና፣ «በዚህ ብርድ በሩን ወደ ነፋስ የሚከፍት ሰው ጭንቅላቱ ደህና አይደለም» አልኩ። አስተማሪ የሆነችው የልጅ ልጄ ቆም ብላ፣ «አባባ፣ እርስዎ ደግሞ ሰው ላይ መፍረድ ይወዳሉ» አለችኝ። እንደ ስድብ አድርጋ ነው የተናገረችው። በአፌ ብመልስላት አታስጨርሰኝም፤ ስለዚህ በማውቃት ፊደል ልጻፈው።

እኔ ጎረምሳ ሳለሁ ጎባ ገና የጦር ሰፈር ነበረች። አባቶቻችን ከሸዋ ጠመንጃ ተሸክመው መጥተው ጎጆ ከቀለሱ ብዙም አልቆየም። ሮቤም ገበያ እንጂ ከተማ አልነበረችም። ያን ጊዜ ዳኛ የትም ነበር። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ኩታቸውን አንድ ላይ ቋጥረው መንገድ ዳር ይቆማሉ፤ መጀመሪያ ያለፈውን ሰው «በንጉሥ አምላክ፣ ዳኘን!» ይሉታል። እንቢ ማለት የለም። እንጨት ተሸክመህም ቢሆን አውርደህ ትፈርዳለህ።

እኔ የባሻ ዘለቀን ልጅ አሰገደችን ለማግባት እፈልግ ነበር። ባሻ ግን፣ «ያ ሰው ላይ ሁሉ የሚፈርደው ጎረምሳ?» ብለው ሲያመነቱ ከርመው፣ በስንት ልመና ለእሁድ ሽማግሌ እንዲመጣ ፈቀዱ። አጎቴ አስጠነቀቀኝ።

«እስከ እሁድ አፍህን ዝጋ። ሰው በእጁ ሲሄድ ብታይ እንኳ ደህና አካሄድ ነው በል።»

እሺ አልኩ። ጥቅምት ነበር፤ ገብሱ ቢጫ እየሆነ፣ የማለዳው ውርጭ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ። የገብስ ጭኮዬን ለስንቅ ቋጥሬ፣ የቶጎናን ወንዝ ተሻግሬ ወደ ሮቤ ስወርድ ኩታቸውን የተቋጠሩ ሁለት ሰዎች አየሁ። አንዱ ኦቦ ሁሴን የሚባል የአገሩ ገበሬ ነው። ሌላው ባሻ ዘለቀ ራሳቸው! በቅሏቸውም አጠገባቸው ቆማ ሣር ትግጣለች።

«በንጉሥ አምላክ!» አሉኝ ባሻ፤ ፊቴን አይተው ደስ ብሏቸው። አማች ሊሆን ያሰበ ልጅ ለማን እንደሚፈርድ መቼም የታወቀ ነው።

«በቅሎዋ አጥሬን ጥሳ ገብሴን በላች» አለ ሁሴን። «ዱጋ ፍረድ ልጄ፣ እውነቱን። ወላሂ፣ ሌላ አልፈልግም።»

«አጥሩ ክፍት ነበር!» አሉ ባሻ። ተሟጋች ቃሉን ለማክበድ ይወራረዳል፤ ከተረታ የተወራረደበት ነገር ለዳኛው ነው። ባሻም በትራቸውን ወዝውዘው፣ «አጥሩ ክፍት ካልነበረ ይህችው በቅሎዬ ትሂድ!» አሉ።

ጎንበስ ብዬ በቅሎዋን አየሁ። ደረቷ ላይ የአጥር እሾህ ተሰክቷል፤ ጭራዋ ላይ ጭራሮ ተንጠልጥሏል። አሰገደች ትዝ አለችኝ። አጎቴ ትዝ አለኝ። እሾሁ ግን እሾህ ነው።

«ባሻ ተረትተዋል» አልኩ። «ለኦቦ ሁሴን ገብሱን ይክሳሉ።»

ሁሴን ለጠመንጃ ያዥ ይፈረዳል ብሎ መልሱን አዘጋጅቶ ነበር መሰለኝ። ባሻ ደግሞ፣ «አንተ ፈራጅ!» ብለው ልጓሙን ወረወሩልኝ።

እሁድ ሽማግሌዎቹ ሄደው ቶሎ ተመለሱ። ባሻ፣ «በቅሎዬን ወስዷል፣ ልጄንም ልጨምርለት?» ብለዋቸዋል።

«ዛሬውኑ መልስላቸው!» አለ አጎቴ።

«ብመልስ ፍርዱ ስህተት ነበር ማለት ነው።»

«እንግዲህ በቅሎዋን አግባት!»

በቅሎዋ ጠባይዋን ይዛ ነው የመጣችው። አንድ ማለዳ ገመዷን በጥሳ የዚያው የአጎቴ ገብስ ውስጥ ተገኘች። አጎቴ ኩታዬን ከኩታው ጋር ቋጥሮ መንገድ ላይ ጎተተኝ። መጀመሪያ ያለፈው ሰው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ባሻ ዘለቀ። በአጋጣሚ እንዳይመስላችሁ። በቅሏቸውን ያውቋታል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማለዳው በእግራቸው በደጃችን ሲመላለሱ ነበር።

ድንጋይ መርጠው ተቀመጡ። ኩታቸውን አስተካከሉ። «እህ፣ ተናገሩ» አሉ፤ በሕይወታቸው እንደዚያ ደስ ብሏቸው አያውቅም።

«አጥሩ ክፍት ነበር!» አልኩ። እውነትም ክፍት ነበር፤ ዛሬም እላለሁ። «ካልነበረ በቅሎዬ ትሂድ!»

ባሻ ተነሥተው በቅሎዋን ዞሯት። ከደረቷ ላይ አንድ እሾህ ነቅለው በሁለት ጣት ከፍ አድርገው ለመንገደኛው ሁሉ አሳዩ።

«ተረትተሃል» አሉኝ።

ልጓሙን አቀበልኳቸው። ተቀምጠውባት ጥቂት ከሄዱ በኋላ ዘወር አሉ።

«አጎትየው፣ ለእሁድ ሽማግሌ ይምጣ። ሲፈርድ ፊት አያይም፤ ሲከራከር ደግሞ አይችልበትም። እንዲህ ያለ አማች ከየት አገኛለሁ?»

አሰገደችን እንዲህ አገባኋት። ሁሴንም ለሠርጉ አንድ ቅል ማር ይዞ መጣ፤ ከባሻ ጎን ተቀመጠና ስለዚያ አጥር እስኪመሽ ተከራከሩ።

ለልጅ ልጄ የምላት ይኼንን ነው። እነባሻ ፈራጅ ሲሉኝ ፊቴ ቆመው ነው፤ እኔም ስፈርድባቸው ፊታቸው ቆሜ ነው። የዛሬ ሰው በልቡ ይፈርድና በአፉ «ደህና ዋልክ?» ይላል። ያኛው ፍርድ መልስ የለው፣ ይግባኝ የለው፤ ሳታውቀው ተረትተህ ትኖራለህ።