በቀጥታ ከኒሙሌ

ታዲዮስ ዝም ብሎ ያየው ጨዋታ የለም። ጁባ፣ ቶንፒንግ ሰፈር ውስጥ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም ሳይርቅ፣ የእትዬ ማንያህልሻል ምግብ ቤት አለ። ኳስ ለማየት እዚያ የሚሰበሰበው ሐበሻ ሁሉ የታዲዮስን አመል ያውቃል። ቴሌቪዥኑ በእንግሊዝኛ ሲለፈልፍ እሱ በላዩ ላይ በአማርኛ ይለፈልፋል። ያውም ኳሱን ብቻ ቢያወራ ደግ ነበር። አንድ ተጫዋች ወድቆ አልነሳ ሲል፣ "ይኼ ልጅ የረታን ጄኔሬተር ይመስላል፤ ካልተመታ አይነሳም" ይላል። ከጄኔሬተሩ ተነስቶ ረታ ጋራዥ ይገባል፤ ከጋራዡ ወጥቶ ባለፈው ሳምንት ጎርፍ ስለቆረጠው መንገድ ሲተርክ ጎል ይገባል።

"አንተ ሰውዬ፣ ኳሱን እንይበት እንጂ!" ይጮኻል ቤቱ።

"እኔ መች ዓይናችሁን ያዝኩ?" ይላል ታዲዮስ፤ እሱም ጎሉን አላየውም።

ዕድሜው ወደ አርባ ይጠጋል። እዚያው አጠገብ ባለ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነው። ደሴ ሲያድግ ግን ለራሱ ያሰበው ሌላ ነበር። የሰፈሩ ልጆች ኳስ ሲራገጡ እሱ የአጥር ድንጋይ ላይ ቆሞ፣ የእናቱን ጭልፋ አፉ ላይ ደቅኖ፣ ጨዋታውን እንደ ሬዲዮ ያስተላልፍ ነበር። ጎረምሳ ሲሆን፣ አዲስ አበባ አንድ ጣቢያ የስፖርት አስተላላፊ ሊቀጥር ነው ሲባል ሰማና ኮት ተውሶ ሄደ። ፈታኞቹ የተቀዳ ጨዋታ ከፍተው "በል አስተላልፍ" አሉት። አስተላለፈ። ዝናብ ሲመጣ አንድ ጃንጥላ ሥር ስለተጠጉት ተመልካቾች ተናገረ፤ ጃንጥላው የማን እንደሚሆን ገመተ፤ ባለጃንጥላው ከሁሉም በላይ እንደረጠበ አሳየ። ከፈታኞቹ አንዱ መነጽሩን አውልቆ፣ "ልጄ፣ ኳሱ የት ሄደ?" አለው። ሌሎቹ ሳቁ። ታዲዮስም አብሯቸው ሳቀ፤ ኮቱን ለባለቤቱ መልሶ ደሴ ሲገባ ግን ለማንም አላወራም። ከብዙ ዓመት በኋላ የእህቱ ባል ጁባ ሥራ እንዳለ ነገረውና መጣ። እዚሁም ፀጉር የምትሠራውን ዝማሬን አገባ።

የእትዬ ማንያህልሻል ደንበኞች ለኳስ ይምጡ እንጂ ስለ ኳስ የሚያወሩት ትንሽ ነው። አንድ ቅዳሜ ለምሳሌ፣ ጨዋታው ለረፍት እንደወጣ ረታ ጀመረ። ረታ ጄኔሬተር ጠጋኝ ነው፤ ኮንሰርት አያመልጠውም።

"ንያኩሮን አዳራሽ ዘፋኙን ስንጠብቅ፣ ስንጠብቅ፣ አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ልጇን አስተኝታ እሷም ተኛች። በመጨረሻ መጣላችሁ፤ አንዱን ዘፈን ሳይጋምሰው መብራት ድርግም! ማፊ ኑር፣ መብራት የለም! ታዲያ ሕዝቡ ዝም ያለ መሰላችሁ? ዘፈኑን ራሱ ጨረሰው። ዘፋኙ ጨለማ ውስጥ ቆሞ ያጨበጭብልን ነበር።"

"ይኼማ ምን አለው!" አሉ ሐጂ ሙባረክ፣ ሻያቸውን እያማሰሉ። ሐጂ ከኡጋንዳ ሽንኩርትና ዱቄት የሚያስመጡ ጅምላ ነጋዴ ናቸው። "እኔ አንድ ክረምት ከካምፓላ ስመጣ መኪናችንን ጭቃ ዋጠው። ከጫነው ሽንኩርት በቀር የሚበላ የለም። ሹፌሩ ደረቅ ዳቦ ነበረው። ሽንኩርት በዳቦ እየበላን፣ መንዙማ እያወጣን ነጋ። እስካሁን እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር የለም።"

እትዬ ማንያህልሻል ከባንኮኒው ጀርባ ሆነው ሳቁ። "እኔን ደግሞ ትናንት አንዱ ቦዳ ቦዳ፣ ባለሞተር፣ ጉድ ሠራኝ። ጁባ ና ባሪ የሚባለው ሰፈር ውሰደኝ፣ መንገዱን ታውቀዋለህ? አልኩት። አውቀዋለሁ አለ። ከተማውን ዞረን፣ ዞረን፣ ድልድዩ ጋ ስንደርስ ሞተሩን አቁሞ፣ 'ማማ፣ በየት በኩል ነው?' አይለኝም! እዚህ አገር አላውቅም የሚል ቦዳ ቦዳ አልተወለደም።"

ታዲዮስ ይህን ሁሉ ይሰማል፤ ጨዋታው ሲቀጥል ሁሉንም እያነሳ ኳሱ ላይ ይለጥፋል፤ ሰውም መልሶ ይጮኽበታል።

በዚያ ሰሞን የሐበሾቹ ቡድን ኒሙሌ ሊጫወት ተነሳ። ቡድኑ ማንጎ ይባላል፤ ልምምድ የሚሠራው ማንጎ ዛፍ ሥር ስለሆነ ነው። ኒሙሌ የኡጋንዳ ድንበር ላይ ያለች ከተማ ናት። እዚያ ያሉ ነጋዴዎችና የከባድ መኪና ሹፌሮች ድንበር የሚባል ቡድን አላቸው፤ በየዓመቱ ማንጎን ይጋብዛሉ፤ በየዓመቱ ያሸንፋሉ። የዘንድሮው ሽልማት ሰንጋ ነው። የማንጎ በረኛ ረታ ነው፤ ተከላካዩ ዳቦ ጋጋሪው ማስረሻ፤ አጥቂው ሞባይል ሻጩ ሙኽታር።

አውቶቡሱ የሚይዘው ጥቂት ሰው ስለሆነ የቀረው ደጋፊ ምግብ ቤቱ ሆኖ ሐጂ ሙባረክ ከሜዳው የሚልኩትን የስልክ ምስል ሊያይ ተስማማ። እትዬ ማንያህልሻል ለዘፈን ምሽት የሚከራየውን ትልቁን ድምፅ ማጉያ አስመጡ። ታዲዮስ ፈቃድ ጠይቆ ከተጓዦቹ ጋር ሄደ። መንገዱን ሁሉ ሲያወራ፣ ፍተሻ ላይ የቆሙትን ወታደሮች ሳይቀር ሲያስቅ ኒሙሌ ደረሱ።

ሜዳው ከአውራ ጎዳናው ጎን ነው። ዳኛው ፊሽካ ሊነፋ ሲል የስልኩ ምስል ደረቀ። ሐጂ ስልኩን ወደ ላይ አነሱ፣ ወደ ጎን አዞሩ፤ ምንም። ኔትወርኩ ድምፅ እንጂ ምስል አይችልም፤ ድምፁም ጥርት ብሎ የሚሰማው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሲቆሙ ብቻ ነው።

"ሐጂ! እዚህ ቤቱ ጢም ብሏል!" የእትዬ ማንያህልሻል ድምፅ ነው። "ምስሉ ከቀረ አንድ ሰው ይንገረን እንጂ!"

ሐጂ ዙሪያቸውን አዩ። ሁሉም ታዲዮስን ያያል። "እንግዲህ ምን ይደረጋል" ብለው ስልኩን ሰጡት። "ውጣ፣ የኔ መኪና ላይ ውጣ።"

የሐጂ መኪና ሽንኩርት ጭኖ ሜዳው ዳር ቆሟል። ታዲዮስ ጆንያዎቹ ላይ ወጣ። ሜዳው፣ ጎዳናው፣ ከጀርባ ያሉት ኮረብቶች ሁሉ ቁልጭ ብለው ታዩት።

"ጤና ይስጥልኝ ጁባ" አለ። "ከኒሙሌ በቀጥታ፣ ከሐጂ ሙባረክ ሽንኩርት ላይ ሆኜ ነው።"

ከወዲያ ሳቅ ሰማ። ሳቁ ልብ ሰጠው። ጥሩ ጀመረ፤ ማን ለማን እንዳቀበለ፣ ማን እንዳመከነ ተናገረ። እንዳጋጣሚ በጎዳናው የሠርግ አጀብ መጣ። የፊተኛው ፒክአፕ ላይ መለከት የሚነፉ ሰዎች አሉ፤ ሙሽራዋ በመስኮት ወጥታ ትጨፍራለች፤ ሙሽራው ቀሚሷን ይዞ ወደ ውስጥ ይጎትታታል። ታዲዮስ ይህን እንዴት ይለፈው! መለከቱን በአፉ ነፋ፤ ለሙሽራው አዘነለት፤ ቶንፒንግ ያለው ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ድንገት ሜዳው ጮኸ።

"ምንድን ነው ጩኸቱ?" አሉ እትዬ ማንያህልሻል።

ታዲዮስ ዞረ። የድንበር ልጆች ተቃቅፈው ይዘላሉ። "ገባብን" አለ በቀጭን ድምፅ።

"እንዴት? ማን አገባው?"

"አላየሁትም።"

ያ ሁሉ ሰው ባንድ አፍ ወረደበት። ስድቡ በትልቁ ማጉያ አልፎ ለጎረቤት ሳይሰማ አልቀረም። ታዲዮስ እስከ ረፍት ድረስ እንደ ተቀጣ ተማሪ፣ "ኳስ ለማንጎ፣ ኳስ ለድንበር፣ ወጣች" ብቻ እያለ ቆየ። የሚስቅም የሚናገርም ጠፋ። ረፍት ሲሆን፣ "በቃ፣ እኔ ልወርድ ነው" ብሎ ስልኩን ለሐጂ ለመመለስ ተነሳ።

"ታዲ፣ እኔ ነኝ" አለች ዝማሬ። ስልኩን ከእትዬ ማንያህልሻል ተቀብላ ነው። "የት ልትሄድ ነው?"

"ለሌላ ሰው ልሰጥ። ይኼው ነው፣ አልችልበትም።"

"ማን ነው እሱ? አሁን እንደምታወራው ከሆነ ማንም ይችለዋል፤ ሰው እየተነሳ እየሄደ ነው። በሠርጉ ጊዜ እንዴት እንደሳቁ አልሰማህም? አፍህ የፈለገበት ይሂድ። ዓይንህን ብቻ ከኳሱ እንዳታነሳ።"

ታዲዮስ ተመልሶ ተቀመጠ። ይህን ምክር በልጅነቱ የሰጠው ሰው አልነበረም።

ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር ዓይኑን ኳሷ ላይ ቸከለ። አፉን ለቀቀው።

"የማዕዘን ምት ለማንጎ! ሙኽታር ሊመታ ነው። ማስረሻ ከኋላ እየመጣ ነው፤ ማስረሻን የማታውቁ የለም፤ ዛሬ ጠዋት የበላችሁት ዳቦ የሱ ነው፤ ያ ትከሻ ሊጥ ሲያሸ የኖረ ትከሻ ነው። የድንበር ልጆች ይገፉታል፤ ግፉት፣ ከሊጥ አይብስም! ተመታች፣ መጣች፣ ማስረሻ ተነሳ፣ ቦክቶ ኩፍ እንዳለ ሊጥ ተነሳ፣ በግንባሩ… ጎል! ጎል! ቶንፒንግ፣ ዳቦው በሰለ!"

ከስልኩ የወጣው ጩኸት ጆሮውን አደነቆረው። ጠረጴዛ ሲመታ፣ ወንበር ሲወድቅ፣ የእትዬ ማንያህልሻል እልልታ ሲቀልጥ ሰማ። ታዲዮስ በዕድሜው ሲያወራ "ዝም በል" እንጂ እንዲህ ተብሎ አያውቅም። ታች ያሉት ደጋፊዎችም ጀርባቸውን ለመኪናው ሰጥተው፣ ጨዋታውን በዓይናቸው እያዩ በጆሯቸው እሱን ይሰማሉ።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ዳኛው ለድንበር ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ። ሐጂ ራሳቸውን ይዘው የመኪናው ጎማ ሥር ቁጭ አሉ።

"እንግዲህ ጁባ፣ ምንም አልደብቃችሁም" አለ ታዲዮስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ረታ መሐል ላይ ቆሟል። እጁን ሱሪው ላይ ይጠርጋል፤ ናፍጣ ይሆናል። ይኼ ሰው የስንቱን ቤት ጄኔሬተር ነክቶ አስነስቷል፤ ዛሬ ደግሞ አንድ ነገር ነክቶ እንዲያጠፋልን ነው የምንለምነው። መቺው ሮጠ… መታ… ነካት! ረታ ነካት! ያዛት! ቆይ፣ አልቆመም፣ ወረወራት፣ ረጅም ነው፣ ሙኽታር ጋ! ሙኽታር ብቻውን! እንደ ቦዳ ቦዳ አውቀዋለሁ ብሎ ገባ፤ አያውቀውም፣ ግን ገባ! አንዱን አለፈ! በግራ ነው በቀኝ? እሱም አያውቅ፣ በረኛውም አያውቅ! መታት! እማማዬ! ጎል! ጎል! ጎል! ጁባ፣ ሰንጋው መጣላችሁ!"

ሲዘል እግሩ ሥር ያለው ጆንያ ተቀዶ ሽንኩርቱ እየተንከባለለ ሜዳ ገባ። ታዲዮስ እዚያው ተንበርክኮ አለቀሰ። በኋላ ሲጠይቁት ሽንኩርቱ ነው አለ።

ዳኛው የመጨረሻውን ፊሽካ ሲነፋ ሰው ሙኽታርን ተሸከመ፤ ረታን ተሸከመ፤ ማስረሻን ሊሸከም ሞክሮ ተወው። ከዚያ ወደ መኪናው መጡና ታዲዮስን ከጆንያው ላይ አውርደው ትከሻቸው ላይ አደረጉት። የድንበር ቡድን አምበል፣ አማርኛ የማይሰማ ረጅም ሹፌር፣ እጁን ጨብጦ፣ "አንተ ሐበሻ፣ ምን እንደምትል አልገባኝም፤ ግን ጎሉን ስትናገር እኔም ደስ ሊለኝ ምንም አልቀረም" አለው በጁባ ዓረብኛ። ተሳሳቁ።

ሰንጋው ሌላ ጣጣ አመጣ፤ ክርስቲያኑና እስላሙ የየራሱን ሥጋ ነውና የሚበላው፣ አንድ በሬ በማን እጅ ይታረድ? ሐጂ ሙባረክ ሳይጨነቁ ከአንድ የኒሙሌ ነጋዴ ጋር በሬውን በፍየሎች ለወጡት። ግማሾቹ ለሐጂ ግቢ፣ ግማሾቹ ለእትዬ ማንያህልሻል። በማግስቱ አውቶቡሱና ፍየሎቹ ተከታትለው ጁባ ሲገቡ ሕዝቡ መንገድ ላይ ወጥቶ ጠበቃቸው። ታዲዮስ ድምፁ ተዘግቶ ነበር። ሁሉም እንዲናገር ይለምነዋል፤ እሱ እጁን እያወናጨፈ ይስቃል። ዝማሬ በሰው መሐል ሰንጥቃ ገብታ ሻሿን አንገቱ ላይ ጠመጠመችለትና፣ "ለዛሬ ዕረፍት ነው፣ ሂዱ!" ብላ አባረረቻቸው።

ከዚያ ወዲህ እትዬ ማንያህልሻል ቤት ኳስ ሲኖር የቴሌቪዥኑ ድምፅ ይዘጋል። ታዲዮስ ዘግይቶ ከመጣ፣ "ሳይጀምሩ ጥሩት እንጂ" ይባላል። ቀን ቀን ያው ሆቴሉ በር ላይ እንግዳ ይቀበላል፤ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ዋጋ ሲጠይቅ ግን፣ በማጉያው ድምፁን እንጂ ፊቱን የማታውቅ ምስር ሻጭ ጣሂራ በድምፁ ለይታ፣ "አንተ የኒሙሌው አይደለህም እንዴ!" ብላ ከመቀመጫዋ ተነስታለች።

ለእንቁጣጣሽ የሐበሾቹ ማኅበር ንያኩሮን አዳራሽ ኮንሰርት ሲያዘጋጅ መድረኩን እንዲመራ የጠየቀው እሱን ነው። አዳራሹ ሞልቶ ሰው በረንዳው ላይ ቆሟል። እትዬ ማንያህልሻል አዲስ ቀሚስ ለብሰው ከዝማሬ ጋር ፊት ተቀምጠዋል። ታዲዮስ በራሱ ልክ በተሰፋ ኮት ወጣ። ማይኩን ይዞ ሊናገር ያሰበው ሰላምታና የዘፋኙን ስም ብቻ ነበር። ነገር ግን በሩ ላይ አንዲት ወይዘሮ ጫማዋ ጭቃ ውስጥ ቀርቶ ባሏ በሞባይል መብራት ሲፈልግላት አይቶ ነበርና፣ እስቲ እሱን ላንሳ አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ወይዘሮዋ ራሷ ከመሐል ቆማ፣ "አገኘው! አገኘው!" እያለች ጫማዋን አውለበለበች። ዘፋኙ ከመጋረጃው ጀርባ አንገቱን ብቅ አድርጎ ተራውን ይጠብቃል፤ አዘጋጁ የታዲዮስን ኮት ከኋላ ይጎትታል፤ ሕዝቡ ግን ይጮኻል።

"ተወው! ይቀጥል! ይቀጥል!"