ያልደረስኩበት ጫፍ

ባለፈው ሳምንት ከሚሴ ላይ ባጃጅ ስጠብቅ አንዲት የአፋር ሴት የጀሪካኗን ክዳን ስትከፍት ያ በጭስ የታጠነ የግመል ወተት ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ባለቤቴ ለስኳርህ ፍቱን ነው እያለች ግዛ ግዛ ስለምትለኝ ጠጋ ማለቴ አልቀረም፤ ሴትዮዋ ቅመሰው ብላ በክዳኑ ስትዘረጋልኝ ግን እንደ ሌባ ፊቴን አዞርኩ።

ነገሩ የሆነው አስራ ሁለተኛ ክፍል በጨረስኩበት ዓመት ነበር። አጎቴ ሙሄ ባቲ እየኖረ ግመል ይነግዳል፣ አፋርኛውን ከአፋሮቹ እኩል ያንበለብለዋል፣ እኔን ደግሞ መጽሐፍ ያደነዘዘው ልጅ አድርጎ ስለሚቆጥረኝ ባገኘኝ ቁጥር ይተርበኛል። አንድ ቀን ከሱብሂ ሰላት በኋላ ይዞኝ ወደ በረሃው ወረደ። ግራሩ እየሳሳ መሬቱ ጠጠር ብቻ በሚሆንበት ሜዳ ላይ ጥቁር ድንጋይ የተከመረበት ራሰ በራ ተራራ አለ፤ ወጥቶ ለመውረድ ግማሽ ቀን ይበቃል። አጎቴ ጉልበቱን ያመው ስለነበር ከስሩ ጥላ ፈልጎ ጋደም አለና፣ "በል የከሚሴው፣ ጫፉ ላይ ውጣና ማዶውን አይተህ ና። ሳትደርስ ከተመለስክ ለእናትህ ነው የምነግራት!" አለኝ።

ስጀምር እየዘለልኩ ነበር። ፀሐይዋ ስትጠነክር ግን ድንጋዩ እጅ የማያስነካ ሆነ፣ ኮንጎ ጫማዬ ውስጥ ላብ ሞልቶ ያንሸራትተኝ ጀመር፣ ውሃዬንም እንደ ሞኝ እኩሌታው ላይ ሳልደርስ ጨርሼው ነበር። ጫፉ ፊት ለፊቴ ይታየኛል፣ ቢበዛ የሃያ ደቂቃ መንገድ ቢቀረው ነው። እኔ ግን ድንጋይ ጥላ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ፤ ለወጣ ሰው የሚበቃ ጊዜ አሳለፍኩና ወረድኩ። ማንንም የማይጎዳ ውሸት መስሎኝ ነበር።

ስደርስ አጎቴ ከአንድ የአፋር ሽማግሌ ጋር ተቀምጧል። ሰውየው የምትታለብ ግመሉ ከጠፋችበት ሁለተኛ ቀኑ ነው። በአፋር አገር ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ዳጉ ይለዋወጣሉ፤ ያዩትን ይነጋገራሉ፣ ያ ቃል እንደ ገዛ ዓይን ይታመናል፣ በረሃ ላይ ወዴት እንደሚኬድ የሚወሰነውም በእሱ ነው። ይህን አጎቴ መንገዱን ሙሉ ሲነግረኝ ነው የመጣው። ሽማግሌው በአጎቴ አስተርጓሚነት ማዶ ግመል አይቼ እንደሆነ ጠየቀኝ። አጎቴ ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

"ጫፉ ላይ ቆሜ አይቻለሁ። ማዶ ምንም የለም" አልኩ።

"ማሻ አላህ! የእህቴ ልጅ!" ብሎ አጎቴ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ሽማግሌው ተራራውን ዞሮ ሊሄድ ያሰበውን ትቶ ወደ ሌላ አቅጣጫ ለመሄድ ተነሳ፤ ከመሄዱ በፊት ግን ለነገርኩት ወሬ ምስጋና ለመንገዱ ከያዘው የግመል ወተት ቀድቶ ሰጠኝ። በጣም ጠምቶኝ ስለነበር ጨለጥኩት።

በሳምንቱ አጎቴ ሰውየውን ገበያ ላይ አገኘው። ግመሏ ከተራራው ማዶ እግሯ ድንጋይ መሃል ተሰንቅሮ ቆይታ፣ ከተገናኘን በሦስተኛው ሌሊት ጅብ በልቷት ነበር። ሽማግሌው እኔን አልጠረጠረም። "ልጁ ከወረደ በኋላ ወደዚያ ሄዳ ይሆናል" አለ ብሎ አጎቴ ነገረኝ።

አጎቴ አሁን የለም፣ አላህ ይዘንለት። እስኪሞት ድረስ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያንን ተራራ እንዴት እንደወጣሁት እየተኩራራ ያወራ ነበር፣ እኔም በየጊዜው እነግረዋለሁ እያልኩ ወሬው እስኪያልፍ ሻዬን እጠጣ ነበር። ያ ሽማግሌም ይኖራል ብዬ አላስብም። ይቅርታ የምጠይቀው ሰው ሳላጣ ነው ጊዜውን ያጠፋሁት።

የወተቷ ሴትዮ ፊቴን ማዞሬን አልተቀየመችም። "ወንድሜ፣ ከባቲ በኩል ነው የመጣኸው? መንገዱ እንዴት ነው?" አለችኝ፤ ልጇ በዚያ በኩል ሌላ ወተት ይዞላት ይመጣል።

"እዚያ አልደረስኩም። አላየሁም" አልኳት።

ራሷን ነቅንቃ ሌላ መንገደኛ ልትጠይቅ ዞረች። ያኔ ተራራው ስር ያቃተኝን ይህን ቃል ለማለት ትንፋሽ እንኳ አላስፈለገኝም።