ወደ ታች የሚወርደው ምልክት

በማስ ወንዝ ዳር ባለው የሴቶች ገዳም እማሆይ ሪክሊንድን የማይፈራ አልነበረም። እመ ምኔቷ እንኳ ዝማሬ ከተጀመረ በኋላ ጉሮሯቸውን የሚጠርጉት ተደብቀው ነበር። ሪክሊንድ የዜማ መሪ ሆነው አርባ አንድ ዓመት ኖረዋል። ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ቀጭን ነው፤ ጆሯቸው ግን ጉድ ነው። ከሠላሳ ሴት መካከል የትኛዋ ዝቅ እንዳለች ዞር ሳይሉ ያውቃሉ።

በገዳሙ ደንብ ዜማ የሳተች እህት እዚያው በዝማሬው መሐል ወጥታ ትንበረከካለች፤ እጇንም መሬት አስነክታ ይቅርታ ትጠይቃለች። ሌላ መሪ ቢሆን ትንሿን ስሕተት እንዳልሰማ ያልፋት ነበር። ሪክሊንድ ግን ጣታቸውን ወደ ወለሉ ይጠቁማሉ፣ በቃ። ክፉ ሆነው አይደለም። ዜማው የእሳቸው ስላልነበረ ነው። የተቀበሉት ከአስተማሪያቸው ከእማሆይ ገርበርጋ አፍ ነው፤ ገርበርጋም ከቀደመችው መሪ አፍ። በመጽሐፉ ከቃላቱ በላይ የተጫሩት ምልክቶች ዜማው እንደሚወጣ ወይም እንደሚወርድ ብቻ ይናገራሉ። ምን ያህል እንደሚወጣ፣ ምን ያህል እንደሚወርድ አይናገሩም፤ ያንን የሚያውቀው ጆሮ ነው። አሥር ዓመት ከአስተማሪ እግር ሥር ላልተቀመጠ ሰው መጽሐፉ ምንም አይፈይድለትም።

ገርበርጋ ሊሞቱ ሲያጣጥሩ የሪክሊንድን እጅ ይዘው፣ "አንዲት ጠብታ እንዳትፈስብሽ" ብለዋቸው ነበር። ሪክሊንድም አላፈሰስኩም ብለው ያምኑ ነበር። በሕይወታቸው የሚኮሩበት ነገር ቢኖር ይኸው ብቻ ነው። ኩራት ኃጢአት ስለሆነም በየሳምንቱ ይናዘዙት ነበር፤ አልተዉትም እንጂ።

በአንድ ክረምት ሳል ያዛቸውና ድምፃቸው ተሰበረ። እመ ምኔቷ ደነገጡ። ከጣሊያን አገር የመጣውን አዲስ አጻጻፍ የተማረች ኢምዛ የምትባል ወጣት መነኩሲት ነበረችና፣ ሪክሊንድ እየዘመሩ እሷ እንድትጽፍ አዘዙ። በአዲሱ አጻጻፍ አራት መስመር ይሰመራል፤ እያንዳንዱ ድምፅ በመስመሩ ላይ ወይም በመስመሮቹ መሐል የራሱ ቦታ አለው። ሰው ሰምቶት የማያውቀውን ዜማ ከመስመሩ አንብቦ ይዘምረዋል ይባል ነበር።

"እብደት ነው" አሉ ሪክሊንድ። "ዜማ እንደ አጥር እንጨት ይቸከላል እንዴ?"

"እርስዎ ካረፉ በኋላ ታዲያ ማንን እንጠይቅ?" አለች ኢምዛ፣ ከብራናው ቀና ሳትል።

"ገና ሳልሞት ልትቀብሪኝ ቸኮልሽ?"

"እኔ መች ቸኮልኩ፣ እማሆይ? የቸኮለው ሳልዎ ነው።"

ሪክሊንድ ሳያስቡት ሳቁ። ሳቁም ሳል አስነሣባቸው።

ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ጧት ጧት ከመስኮቱ ሥር ይቀመጡ ጀመር። ሪክሊንድ በተሰበረ ድምፅ ይዘምራሉ፣ ኢምዛ ትጽፋለች። ገዳሙ በስሟ በሚጠራባት ቅድስት በዓል የሚዘመረው ዜማ ላይ የደረሱት ጾሙ ሊፈታ ሲል ነው። ይህ ዜማ በሌላ ገዳም አይገኝም። ከገርበርጋ አፍ ከተማሩትም በሕይወት ያሉት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ሪክሊንድና አሁን የልብስ ማጠቢያውን ቤት የያዙት እማሆይ በርስዊንድ። ሌሎቹ ሁሉ የሪክሊንድ ተማሪዎች ናቸው። ሪክሊንድ ለዚህ ዜማ ብለው ከወንበራቸው ተነሥተው ቆሙ። "ብርሃን" የሚለው ቃል ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ወደ ላይ ወጣ። እዚያ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ልባቸውም አብሮ ይወጣል።

የኢምዛ ብዕር ቆመ።

"እማሆይ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አሮጌው መጽሐፍ እዚህ ላይ ውረዱ ነው የሚለው።"

"ምን?"

"ምልክቱ ወደ ታች ነው። እርስዎ ወደ ላይ ወጡ።"

"ዓይንሽን ጥረጊ!"

ኢምዛ መጽሐፉን ወደ ብርሃን አስጠጋችው። ሪክሊንድ ጎንበስ አሉ። ይህን ገጽ ካዩት ስንት ዓመታቸው! በቃል የሚያውቁትን ምን ብለው ይመለከቱታል? ምልክቱ ወደ ታች ነው። የእጅ ጽሑፉ የገርበርጋ ነው፣ ተፍቆ የታረመ ቦታም የለበትም።

ያን ጊዜ በርስዊንድ ትዝ አሏቸው። ገርበርጋ በሞቱበት ዓመት፣ በቅድስቲቱ በዓል፣ በርስዊንድ እዚችው ቃል ላይ ወደ ታች ወርደው ነበር። አዲሷ መሪ ሪክሊንድም ጣታቸውን ወደ ወለሉ ጠቆሙ። በሁለተኛው ዓመትም እንዲሁ፣ በሦስተኛውም እንዲሁ። በአራተኛው ዓመት በርስዊንድ ከሌሎቹ ጋር ወደ ላይ ወጡ።

ሪክሊንድ አፈሩ። ቢሆንም ተስፋ ነበራቸው፤ የገርበርጋን ዜማ የሰማች አንዲት ሌላ ጆሮ አሁንም በሕይወት አለች። ካባቸውን ሳይደርቡ ወደ ወንዙ ወረዱ።

በርስዊንድ ድንጋይ ላይ ቀሚስ እየደበደቡ አገኟቸው።

"ምነው ዛሬ፣ የዜማ መሪዋ ልብሷን ራሷ ልታጥብ መጣች?" አሉ በርስዊንድ።

"'ብርሃን' ላይ ስንደርስ አንቺ ትወርጂ ነበር።"

በርስዊንድ መደብደቢያውን አስቀመጡ። "እወርድ ነበር። ጉልበቴን ጠይቂው፣ አልረሳውም።"

"ልክ የነበርሽው አንቺ ነሽ።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ለማን? ለአንቺ? ያን ጊዜ አንቺን ደፍሮ የሚናገር ሰው ነበር?"

ሪክሊንድ እርጥቡ ድንጋይ ላይ ተንበረከኩ። እጃቸውንም መሬት አስነኩ።

"ተነሺ እባክሽ! ወገብሽ ቢያዝ ማን ሊሸከምሽ ነው?"

"መጀመሪያ ይቅር በይኝ።"

"ይቅር ካልኩሽ ቆይቷል። የጠየቀኝ ጠፍቶ እንጂ።"

በርስዊንድ ክንዳቸውን ይዘው አነሷቸው። ሁለቱም አለከለኩ።

"አሁን ዘምሪልኝ" አሉ ሪክሊንድ። "እሷ እንዳስተማረችን አድርገሽ። ምን ያህል እንደሚወርድ ልስማና ኢምዛ ትጻፈው።"

በርስዊንድ እጃቸውን አደራርቀው ጀመሩ። ድምፃቸው አርጅቷል፣ ግን አልሳተም። "ብርሃን" ላይ ሲደርሱ ወደ ላይ ወጣ። ደንግጠው አቆሙ። ደግመው ጀመሩ፤ አሁንም ወጣ። በሦስተኛው ከቃሉ በፊት ቆም ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን አልወጣም።

"የለም" አሉ በመጨረሻ። "ይህን ሁሉ ዓመት ያንቺን ስዘምር ያኛው ጠፋኝ። ቂም ይዤ እንዳይመስልሽ፣ ሪክሊንድ። እውነቴን ነው፣ ጠፋኝ።"

አለቀሱ። ሪክሊንድም አለቀሱ፤ በገርበርጋ ሞት እንኳ እንዲህ አላለቀሱም ነበር።

ሲመለሱ ኢምዛ ብዕሯን ይዛ እየጠበቀች ነበር።

"አንድ ደረጃ ዝቅ ላድርገውና ልጻፈው?" አለች ፊታቸውን አይታ።

"በግምት ጽፈን የገርበርጋ ነው አንልም። የምንዘምረውን ጻፊ።"

"ስሕተቱን?"

"አዎ። የኔን።"

በእሑዱ ጉባኤ ነገሩን ሁሉ በእህቶች ፊት ተናገሩ። ብዙዎቹ ምን እንደ ጎደለ አልገባቸውም፤ ለእነሱ ዜማው ያው ነው።

በዓሉ ሊደርስ ሲል ከከተማ ሦስት ልጃገረዶች ወደ ገዳሙ ገቡ። መስመር ማንበብ ተምረው የመጡ ናቸው፤ ይህን ዜማ ግን ከማንም አፍ ሰምተውት አያውቁም። ኢምዛ አዲሱን መጽሐፍ ዘርግታላቸው ወጣች። ሪክሊንድ በሩ ላይ ቆመው ያዳምጡ ነበር። ልጃገረዶቹ ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እያስኬዱ፣ ቀስ ብለው ዘመሩ። "ብርሃን" ላይ ሲደርሱ ሦስቱም ባንድ ድምፅ ወደ ላይ ወጡ። አንዳቸውም አልሳቱም።